አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ ሁለት

ማክሰኞ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በቀዝቃዛ ማከማቻው ድርጅት ውስጥ ያሉት አራት ኮምፒውተሮች የሚሠሩበት ሲስተም ታደሰ። ከእድሳቱ በኋላ ለዓይን የታየው ለውጥ የስክሪኑ መደብ ከሰማያዊ ወደ ግራጫ መዞሩ ብቻ ነበር። በማግሥቱ ረቡዕ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የድርጅቱ መካኒክ በማሽን ክፍሉ ጉድጓድ ውስጥ ሞቶ ተገኘ።

ኢንስፔክተሯ ሁለት ሰዓት ላይ ስትደርስ በሮቹ ሁሉ ወለል ብለው ተከፍተው ነበር። የማቀዝቀዣው ጋዝ፣ አሞኒያው፣ ቢወጣም ሽታው ከግድግዳው አልለቀቀም፤ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ጉሮሮ ይዘጋል። መካኒኩ በግንባሩ ተደፍቷል። ቀኝ እጁ የብረት መሰላሉን የመጀመሪያ ደረጃ እንደ ጨበጠ ነው። ከመሰላሉ እስከ በሩ ያለውን ርቀት ሁለት ጊዜ ተራመደችው። ማስታወሻዋ ላይ «ስምንት እርምጃ» ብላ ጻፈች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ሥራ አስኪያጁ መሐረቡን ከፊቱ ሳያነሣ አስረዳት። መካኒኩ ረቡዕ ረቡዕ፣ ሠራተኛ ሳይገባ፣ ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ከኮምፕረሰሩ ሥር የተጠራቀመውን ዘይት ያፈሳል። ዛሬም ሲያፈስ የቫልቩ ጓርኒሲዮን፣ ማሸጊያ ጎማው፣ ተበጥሶ ጋዙ ፊቱ ላይ ገነፈለ።

«ጋዝ ሲያፈተልክ ምን መሆን ነበረበት?»

«ሳይረኑ ይጮኻል፤ ትልቁ የአየር ማስወጫም በዐሥር ሴኮንድ ውስጥ ይነሣል። ሁለቱንም የሚያዘው የማሽን ተቆጣጣሪዋ ኮምፒውተር ላይ ያለ ፕሮግራም ነው። ሠራተኛው ‹አፍንጫው› ይለዋል፤ ጋዝ የሚያሸተው እሱ ነዋ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ጭጭ አለ።»

አብሯት የመጣው ሳጅን የተበጠሰውን ጎማ በጓንት ይዞ ወደ ብርሃን አወጣው። ዝምታ የማይወድ ሰው ነበር። «ይቺ ምላጭ አልነካትም፣ ኢንስፔክተር። በዕድሜዋ ነው የሄደችው። ሰው ብትሆን ኖሮ ጡረታ ከወጣች ቆይታለች።»

ኢንስፔክተሯ አልሳቀችም። ጎማውን ሰው ካልቆረጠው የሚቀረው ጥያቄ አንድ ነው፤ አፍንጫውን ማን ዘጋው?

*

መልሱ ፈላጊ ሳያሻው በእግሩ መጣ። የድርጅቱን ኮምፒውተሮች የሚጠግነው ባለሙያ፣ ሠራተኛው ሁሉ «ሐኪሙ» የሚለው ጨዋና ቀጭን ሰው፣ አንድ የታተመ ወረቀት በሁለት እጁ ይዞ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ያስፈልግዎታል ብዬ ነው። የፕሮግራሙ መዝገብ ነው።»

ከወረቀቱ ግርጌ አንድ መስመር በቢጫ ተቀልሟል። አፍንጫው ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ ሁለት ላይ ቆሟል፤ የቆመውም በተቆጣጣሪዋ አካውንት ነው።

«ራሱ ሊቆም አይችልም?» አለች ኢንስፔክተሯ።

ሐኪሙ ጥቂት አሰበ። «አይቆምም» አለ።

ሳጅኑ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ተቆጣጣሪዋ ማን መሰለችዎት? የሟቹ የቀድሞ ሚስት ናት። ከተፋቱ ሰባት ወራቸው። ትናንት ምሳ ላይ ካፌው ውስጥ በልጃቸው ጉዳይ ተጯጯኹ። ምን አለችው መሰለዎት? ‹ካንተ የሚገላግለኝ ቀን ይምጣ!› አርባ ሰው ሰምቷል።»

«ቀኑ መጣ» አለች ኢንስፔክተሯ ቀስ ብላ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

*

ተቆጣጣሪዋ ሥራዋን ልትጀምር ስትገባ ነበር መርዶውን የሰማችው። አሁን ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የቦርሳዋን ማንገቻ በጣቷ ትጠመጥማለች፤ ትፈታለች። አላለቀሰችም። ይህም ተጽፎባታል።

«ተጣልታችኋል።»

«አዎ። ልጄን እናቱ ጋ አስቀምጦ አልሰጥም አለኝ። ሰኞ ዳኛ ፊት ቀጠሮ ነበረን።»

«ካንተ የሚገላግለኝ ቀን ይምጣ ብለሻል?»

«ብያለሁ። እሱም ‹አሜን፣ ለሁለታችንም› አለኝ። እንደዚያ ነበር የምንነጋገረው። ስንጋባም፣ ስንፋታም።»

«አፍንጫውን ለምን አቆምሽው?»

ማንገቻው ከጣቷ ወደቀ። «እኔ? አላቆምኩትም! ከእድሳቱ በኋላ ኮምፒውተሩ ስለ ጠፋ ሐኪሙ ‹እንደገና አስነሺው› አለኝ፤ አስነሣሁት። አፍንጫውም ከስክሪኑ ጀርባ ሆኖ ሥራውን ቀጠለ። ማታ ሎግ አውት አድርጌ ወጣሁ። በቃ።»

«አሥራ አንድ ከአርባ ሁለት ላይ?»

«እሱ ሎግ አውት ያደረግኩበት ነው። የዘጋሁት የራሴን አካውንት ነው እንጂ እሱን አይደለም። አሥራ አራት ወር ሙሉ እየወጣሁ ጥዬው ነው የምሄደው፤ ሲሠራ ያድራል። እርስዎ ቤትዎን ቆልፈው ሲወጡ የግድግዳው ሰዓት መቁጠሩን ይተዋል?»

ኢንስፔክተሯ አባባሉን ወደደችው። ይሁን እንጂ ሰዓቱ ቆሟል፤ ሰውም ሞቷል።

«እንሞክረው» አለች።

የመቆጣጠሪያው ክፍል ሁለት ሜትር በሦስት ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ከበሩ በላይ አንድ ቀይ አምፖል። አፍንጫው ሲሠራ አምፖሉ ይበራል። ሐኪሙ በተቆጣጣሪዋ አካውንት ገብቶ ፕሮግራሙን አስነሣ። አምፖሉ በራ። ሎግ አውት አደረገ። ሁሉም አንገታቸውን አቅንተው ጠበቁ። አምፖሉ እንደ በራ ቀረ። አምስት ደቂቃ፤ ዐሥር ደቂቃ። አልጠፋም።

«አያችሁት!» አለች ተቆጣጣሪዋ በተስፋ። «ይሠራል ብያችኋለሁ!»

የተናገረችው ምን እንደሚያመጣባት የገባት ዘግይቶ ነው። መውጣቷ ካላቆመው፣ ያቆመችው በእጇ ነው ማለት ነው። ሐኪሙ ጫማውን ያይ ነበር።

ኢንስፔክተሯ የእስር ወረቀቱን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ፈረመች። በዓይኗ ባየችው ነገር ላይ ነበር የፈረመችው።

*

ፊርማው ግን አላስተኛትም። ሌላ ሰው የሴቲቱን የይለፍ ቃል ተጠቅሞ ቢሆንስ? ሐሙስ ጧት የኪቦርዱን ጀርባ ገለበጠች፤ የይለፍ ቃሉ በእርሳስ ተጽፎ ተለጥፏል። ይሄኔ ሳጅኑ እጁን አፋተገ። ነገር ግን የኮሪደሩ ካሜራ የማክሰኞ ማታ ምስል ተስፋውን ቆረጠው። አሥራ አንድ ከአርባ አራት ላይ ተቆጣጣሪዋ ብቻዋን ትወጣለች፤ ከዚያ በፊት በነበረው አንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ክፍሉ የገባ ሰው የለም።

«አለቀ» አለ ሳጅኑ። «ከእሷ ሌላ ሰው የለም።»

ከሰዓት በኋላ የሟቹን እናት ቤት አንኳኳች። እማማ ጥቁር ለብሰው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። አንዱን መስመር ትጽፋለች፣ ትደልዛለች፣ እንደገና ትጽፋለች።

«ልጄን ገድላ ልጁን ልትወስድ!» አሉ እማማ። «ሰኞ ዳኛው ፊት እቆማለሁ። ነፍሰ ገዳይ ልጅ አታሳድግም። ልጅቷን እስከ ዘለዓለሙ ይፈርዱልኛል።»

«ምን ዓይነት ሰው ነች፣ እማማ?»

«አስጨናቂ! ይኸው ናት። ስድስት ዓመት አብራኝ ኖራለች። ወጥታ አትወጣም። ታክሲው ጋ ከደረሰች በኋላ ምድጃ ዘግቼ ይሆን ብላ ትመለሳለች። ልጄ ‹ይቺ ሴት ለቀብሬም ታረፍዳለች፣ ምድጃ ስታይ› ይል ነበር።» ከአፋቸው ያመለጠው ሲገባቸው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ልጅቷ ከደብተሯ ቀና ሳትል፣ «እናቴ ሁለት ጊዜ ነው የምታየው» አለች። «አንዴ በዓይኗ፣ አንዴ በእጇ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ መኪናው ስትመለስ ሳጅኑ ሞተሩን አስነሣ፤ እሷ ግን እንዲያጠፋው ምልክት ሰጠችው። ምድጃ ለማየት ከመንገድ የምትመለስ ሴት፣ ሰው የሚያድን ፕሮግራም አጥፍታ አውቶቡስ ትሳፈራለች? ጥላቻ ካለ ልትሳፈር ትችላለች። ሌላም አለ። የመዝገቡ ወረቀት ማንም ሳይጠይቅ፣ ታትሞ፣ በቢጫ ተቀልሞ ነበር የጠበቃት።

*

ቅዳሜ ጧት ከሳጅኑ ጋር እንደገና ወደ ድርጅቱ ሄደች። የዋናው በር ጥበቃ ቤት ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች ተፋጠዋል። አንደኛው የቀን ዘበኛ ነው። ሁለተኛው ወታደር ሆኖ ባያውቅም በአረማመዱ «ሻለቃ» የተባለው የማታ ዘበኛ ነው፤ ተረኛነቱን ጨርሶ እንኳ ለጠብ ሲል ቆይቷል።

«የሰው ዘፈን የሚዘጋ ሰው ጤነኛ ነው?» አለ የቀኑ፣ ኢንስፔክተሯን ዳኛ አድርጎ። «ይፍረዱ! ሁለት ዓመት ሙሉ ጧት ዘፈኔን ከዚህ ኮምፒውተር ላይ አስነሣለሁ፤ ማታ ሎግ አውት አድርጌ እሄዳለሁ፤ ዘፈኑ ይቀጥላል። ይሄን ደረቅ ሰው እንዲያጫውተው ብዬ ነው! እሱ ግን ከማክሰኞ ጀምሮ ገና በሩን ስወጣ ይዘጋብኛል!»

«አልነካሁትም!» ሻለቃው ደረቱን መታ። «እመቤቴ፣ ሁለት ዓመት አንድ ዘፈን እየሰማሁ ነው ያደርኩት። መዝጊያው የት እንደሆነ ባውቅ ኖሮ ያኔ አልዘጋውም? ማክሰኞ ማታ እሱ ወጣ፤ ዝም አለ። ፈጣሪ ጸሎቴን ሰማ ብዬ አመሰገንኩ። እሱ ‹ዘጋህ› ይለኛል። ማንም አልዘጋውም!»

«ራሱ ተዘጋ? ዘፈን እግር አለው?»

«ሁለት ዓመት ሲዘፍን አድሮ ዘፈኑ ራሱ ታክቶት ይሆናላ!»

ኢንስፔክተሯ እጇን አነሣች።

«ይህ ኮምፒውተር ማክሰኞ ታድሷል?»

«አራቱም ናቸው የታደሱት» አለ የቀኑ። «ሐኪሙ በየተራ እየዞረ።»

«ዘፈኑን ያስነሡት።»

የቀኑ ዘበኛ በሁለት ጣቱ እየፈለገ ተየበ። ዘፈኑ ተነሣ።

«አሁን ሎግ አውት ያድርጉ። ሻለቃ፣ እርስዎ እጅዎን ኪስዎ ይክተቱ።»

ስክሪኑ ባዶ ግራጫ ሆነ። ዘፈኑ ቃል ሳይጨርስ ተቆረጠ። ሻለቃው እጆቹን ከኪሱ አውጥቶ ወደ ሰማይ ዘረጋ፤ የቀኑ ዘበኛ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሳጅኑ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገረው ጠፋው።

«ሳጅን፣ የኮሪደሩን ካሜራ እንደገና አምጣልኝ» አለች ኢንስፔክተሯ። «የማክሰኞን አይደለም፤ የረቡዕ ጧትን። ሬሳው ከተገኘ በኋላ፣ እኛ ከመድረሳችን በፊት ያለውን።» ይህን በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ ነበረባት። አልጠየቀችም። ማክሰኞ የዘጋውን ሰው ስትፈልግ፣ ረቡዕ ገብቶ ያስተካከለውን አልፈለገችም።

*

ሐኪሙ ኢንስፔክተሯን በመቆጣጠሪያው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ አገኛት። ቀዩ አምፖል ከላይ ይበራል።

«ተቀመጥ» አለችው። እስከ ዛሬ «እርስዎ» ነበር የምትለው። «አራት ኮምፒውተሮች በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ ታደሱ። በሩ ላይ ያለው፣ የአካውንቱ ባለቤት ሲወጣ ያስነሣውን ፕሮግራም ያጠፋል። ይሄኛው አያጠፋም። ለምን?»

«የተለያየ... አንዳንዴ መሣሪያው...»

«ረቡዕ ከጧቱ አንድ ሰዓት ከስድስት ደቂቃ ላይ እዚህ ገብተሃል፤ ከስምንት ደቂቃ በኋላ ወጥተሃል። ካሜራው አለ። ባለቤቱ ሲወጣ ምን እንደሚደረግ የሚወስነው ፋይል የት እንዳለ አሳየኝ። መጨረሻ የተነካበትን ሰዓትም ጭምር።»

ኪቦርዱን ወደ እሱ ገፋችለት። ሐኪሙ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። ከዚያ ነካው። ሰዓቱ ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ረቡዕ፣ አንድ ሰዓት ከዐሥር።

«አንብበው።»

«እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «የድሮው ሲስተም ሰው ሲወጣ ከኋላ የሚሠራውን ይተውለት ነበር። አዲሱ ባለቤቱ ሲወጣ አብሮ ይገድላል። የሞተውንም በባለቤቱ ስም ይመዘግባል። ከእድሳቱ ጋር የመጣው መመሪያ ሠላሳ አንደኛ ገጽ ላይ ሁለት መስመር አለ። አላነበብኩትም። ረቡዕ ‹ሳይረኑ አልጮኸም› ሲሉኝ ነው ሮጬ መጥቼ ያነበብኩት። ፋይሉ ‹ይጥፋ ወይ?› ይላል። ‹አዎ› የሚለውን ‹አይ› አደረግኩት። አንድ ቃል ነው።»

«ከዚያ ወረቀቱን አተምክ።»

«እሷ ትታሰራለች ብዬ አይደለም! ስህተት ነው ይባላል፣ ያልፋል ብዬ ነው። እርስዎ ‹ራሱ ሊቆም አይችልም?› አሉኝ፤ ‹አይቆምም› አልኩ። በዚያ ሰዓት እኮ እውነት ነበር። ከአንድ ሰዓት ከዐሥር በኋላ አይቆምም።» ፊቱን በመዳፉ ያዘ። «ይህ ፕሮግራም በሰው አካውንት መነሣት አልነበረበትም። ማንም ይግባ ማንም ይውጣ ሲስተሙ ራሱ እንዲያስነሣው እናድርግ ብዬ ሁለት ጊዜ ለሥራ አስኪያጁ ጽፌያለሁ። ‹እየሠራ ያለ ነገር አትንካ› አለኝ።»

«ደብዳቤዎቹ አሉህ?»

«አሉኝ።»

«ከመዝገቡ ጋር ይያያዛሉ። የሥራ አስኪያጁ ጥያቄ ለብቻው ይመጣል። ሞቱ ስህተት ሊሆን ይችላል። አምፖሉ ሲበራ ከአጠገቤ ቆመህ ጫማህን ያየኸው ግን ስህተት አይደለም። አራት ቀን አለፈ። አራቱንም ቀን እሷ ያለችበትን ታውቅ ነበር።»

«የበሩ ኮምፒውተር ትዝ ቢለኝ...» ሐኪሙ ለራሱ የሚናገር ይመስል ነበር። «እዚያ የሚሠራ ነገር የለም ብዬ ነው።»

«ዘፈን ይሠራ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ፤ ሳጅኑን ጠራችው።

ሳጅኑ ካቴናውን እያወጣ አጉረመረመ። «አለባብሰው ቢያርሱ፣ በአረም ይመለሱ።»

*

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኢንስፔክተሯ የእማማን በር አንኳኳች። ተቆጣጣሪዋ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታ፣ የቦርሳዋን ማንገቻ በጣቷ ጠምጥማ ቆማለች። ከጣቢያው እስከዚህ ቀና ብላ አላየችም።

እማማ በሩን ገርበብ አድርገው ከፈቱ። ከኢንስፔክተሯ ትከሻ በላይ አዩ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ይቺን ምን አመጣት?»

«እማማ፣ ይስሙኝ። ፕሮግራሙን እሷ አልዘጋችውም።»

«ማነው ታዲያ የዘጋው?»

«ማንም አልዘጋውም። ማክሰኞ የኮምፒውተሩ ጠባይ ተለወጠ። እሷ እንደ ወትሮዋ ስትወጣ አብሯት ጠፋ። እንደሚጠፋ የነገራት የለም። በኋላ ያወቀው ሰውም ደበቀው፤ ዛሬ ታስሯል።» ኢንስፔክተሯ ቃላቷን መረጠች። «እኔም በደንብ ሳልመረምር አሰርኳት። የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

እማማ የበሩን ጠርዝ ያዙ። ከጀርባቸው፣ ከውስጥ፣ ወንበር የተገፋ ድምፅ ተሰማ፤ ልጅቷ ከጠረጴዛው ተነሥታ ነበር፤ ግን አልቀረበችም።

«እንግዲህ» አሉ እማማ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «እሷ ይሠራል ብላ ወጣች። እሱም ይሠራል ብሎ ገባ።»

«እንደዚያ ነው።»

«ስምንት እርምጃ ነበር የቀረው ብለውኛል።»

«አዎ፣ እማማ።»

ተቆጣጣሪዋ ያን ጊዜ ነበር አራት ቀን የያዘችውን የለቀቀችው። መሬት ላይ ተቀመጠች፤ አለቀሰች፤ ድምፅ ግን አልነበረውም። ሳጅኑ ሊያነሣት ጎንበስ ሲል ኢንስፔክተሯ በዓይኗ ከለከለችው።

እማማ በሩን እስከ መጨረሻው ከፈቱት።

«ሰኞ ዳኛው ጋ አልሄድም» አሉ። «ልጅቷም ከዚህ ቤት አትወጣም። አንቺም ተነሺና ግቢ።»